ወርቃማ ፊደላት ክረምቱን እንዲሻገሩ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው አውራ ጎዳና የፎገራን ሜዳ አቋርጦ ወረታ ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል። አንደኛው በደብረ ታቦር አድርጎ ወደ ወልድያ ይዘልቃል፤ ሌላኛው በአዲስ ዘመንና በጣራ ገዳም አጠገብ አልፎ ወደ ጎንደር ያመራል። መንገደኛ በሚበዛበት በእንዲህ ያለ መገናኛ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ታፔላ ጌጥ ብቻ አይደለም። ከገጠር ቀበሌ የመጣ ባለጉዳይ የሚገባበትን በር የሚለየው በእርሱ ነውና።

በታፔላዎች ላይ የሚለጠፉት ወርቃማ ፊደላት ግን በተሠሩ በአንድና በሁለት ክረምት ውስጥ ሲነጡና ሲላጡ ይታያል። በአማርኛ ጽሑፍ ላይ ጉዳቱ የከፋ ነው። የ"ቤ" ቀለበት ወይም የ"ቢ" ቅጥል ከወደቀ የሚቀረው "በ" ነው፤ "ጽሕፈት ቤት" ተብሎ የተጻፈው "ጽሕፈት በት" ሆኖ ያርፋል። ጥቃቅኖቹ ቅጥሎች ቀድመው የሚነሱበት ምክንያት ግልጽ ነው። ሙጫው የሚይዝበት ስፋት አነስተኛ ሲሆን ውኃ የሚገባበት ጠርዝ ግን በንጽጽር ብዙ ነው።

"ወርቃማ" የሚለው ስም ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ይሸፍናል። የመጀመሪያው ቢጫ ቀለም ያለው ተራ የቪኒል ስቲከር ነው። ሁለተኛው በጣም ስስ የአሉሚኒየም ንጣፍ የተቀባና ወርቅ እንዲመስል ቀለም የተሰጠው ነው። ሦስተኛው 22 ካራት ገደማ የሆነ እውነተኛ የወርቅ ቅጠል የተነጠፈበት ሲሆን፣ በአሜሪካ የእሳት አደጋ መኪኖች ላይ ለሚጻፉ ፊደላት ሲያገለግል ቆይቷል። ወርቅ አይዝግም፤ አሉሚኒየሙ ግን እርጥበት ሲያገኘው ነጥቶ ይጠፋል። በግዥ ሰነድ ላይ "በወርቃማ ቀለም" ተብሎ ብቻ ከተጻፈ ሦስቱም መስፈርቱን ያሟላሉ፤ በዋጋ የሚያሸንፈው የትኛው እንደሆነ ደግሞ መገመት አያዳግትም።

የአካባቢው የአየር ጠባይ ለዚህ ሥራ ፈታኝ ነው። ወረታ ከባሕር ጠለል በላይ 1 ሺህ 800 ሜትር ያህል፣ ጣራ ገዳም ደግሞ ከ2 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ከፍታው በ1 ሺህ ሜትር በጨመረ ቁጥር ቀለምን የሚያደበዝዘው የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። በክረምት ደግሞ የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ወደ ጣና በሚወርዱበት ሜዳ ላይ እርጥበቱ ለወራት አይለቅም።

ስቲከሩ የሚለጠፍበት ላሜራ ወይም አሉሚኒየም በሳሙናና በውኃ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ በአልኮል ይወለወላል፤ አልኮሉም ተንኖ ሳያልቅ በሌላ ንጹሕ ጨርቅ መድረቅ አለበት። አዲስ ቀለም የተቀባ ላሜራ ቢያንስ አንድ ሳምንት ሊቆይ ይገባል፤ ከቀለሙ የሚወጣው ትነት ከፊደሉ ሥር አረፋ ይሠራልና።

ለተራ ስቲከር ሳሙናማ ውኃ ረጭቶ ፊደሉን እያንሸራተቱ ማስተካከል የተለመደ ዘዴ ነው። ለብረት ለበሱ ስቲከር ግን በደረቁ መለጠፍ ይመረጣል፤ ውኃው በብረቱ ንጣፍ በኩል መትነን ስለማይችል ከሥር ታፍኖ ይቀራልና። ፊደላቱን በቅደም ተከተል የያዘው ተለጣፊ ወረቀት በመጀመሪያ መሐሉ ላይ ይታሰራል። ከዚያም አንዱ ወገን ተገልጦ ጠርዙ ጨርቅ በለበሰ የፕላስቲክ መግፊያ ከመሐል ወደ ዳር ይገፋል፤ ሌላው ወገንም በተመሳሳይ መንገድ ይከተላል። ስቲከሩን መሳብ አይገባም፤ ቪኒሉ ቢለጠጥም ብረቱ ይሰነጠቃል። ወረቀቱ ሲነሳ ወደ ኋላ ታጥፎ በዝግታ ይላቀቃል፤ ቅጥሎቹም አንድ በአንድ በድጋሚ ይጫናሉ።

ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ማሸጉ ነው። ስቲከሩ ሲቆረጥ የብረቱ ንጣፍ በጠርዙ በኩል ይጋለጣል፤ ውኃም የሚገባው በዚሁ ነው። ስለሆነም ሙጫው እስኪይዝ ቢያንስ 24 ሰዓት ከተጠበቀ በኋላ፣ የፀሐይ ጨረርን የሚከላከል ጥርት ያለ ቫርኒሽ በፊደሉ ላይ ይቀባል፤ ከጠርዙም 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ያህል አልፎ ላሜራውን ሊነካ ይገባል። በጠርዙ ልክ የቆመ ቫርኒሽ አሸገ አይባልም። ከአንድ ወፍራም ቅብ ሁለት ስስ ቅብ ይሻላል፤ ወፍራሙ ቅብ ውስጥ የሚቀረው ማቅጠኛ ቪኒሉን ያሸበሽበዋል። ቫርኒሹ ከስቲከሩ ጋር መስማማቱ አስቀድሞ በቁራጭ ላይ መሞከር አለበት። ብልጭታውን በመጠኑ ያደበዝዘዋል፤ ይህን ያልተነገረው ርክክብ ፈጻሚ እንደ ጉድለት ሊቆጥረው ይችላል።

የግዥው ወቅትም የራሱ ድርሻ አለው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ቀን ስለሚዘጋ የታፔላ ሥራ በግንቦትና በሰኔ ሲጣደፍ ይስተዋላል፤ ይህም ዝናብ የሚጀምርበት ጊዜ ነው። ውሉ በበጋ ቢፈጸም የተሻለ ነበር፤ ካልተቻለ ግን መለጠፉም ሆነ ማሸጉ በወርክሾፕ ውስጥ በደረቅ ቦታ ተጠናቅቆ ታፔላው ከዚያ በኋላ ሊተከል ይገባል። የርክክብ ኮሚቴው ፊደላቱን ከሩቅ ከማየት ባሻገር ታፔላውን ወደ ብርሃን አጋድሞ የቫርኒሹ መስመር የእያንዳንዱን ፊደል ጠርዝ ማለፉን፣ በተለይም በ"ቤ" ቀለበት ውስጥና ውጭ መድረሱን፣ በዓይኑ ማረጋገጥ ይችላል።