ስሜን ቀይሩልኝ ያለችው ልጄና ሞክሼዎቿ

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። እኛ ቤት ግን ስም የምታወጣው እናቴ ናት። የወንድሜንም የእህቴንም ልጆች ስም ያወጣችው እሷ ናት፤ የእኔንም ልጅ እንዲሁ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህ ቅር ያለው ሰው አልነበረም።

ባለፈው ወር ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን ሶፋ ላይ ወረወረችና፣ ምሳ ዕቃዋን እንኳ ሳታወጣ፣ «እማዬ፣ ስሜን ቀይሩልኝ» አለችኝ። አዲስ የመጣ መምህር ስም ሲጠራ «እጅጋየሁ» ሲል ክፍሉ በሙሉ ስቋል። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ ደግሞ «አያትሽን ነው እንዴ የላክሽው?» ብሎ ጨምሮበታል። ጓደኞቿ ሶልያና፣ ኤልዳና፣ ማክቤል ናቸው። «የእኔ ብቻ የአሮጊት ስም ነው!» ብላ አለቀሰች።

እናቴ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር። ሁሉንም ሰምታለች። እጇ ለአፍታ ቆም አለና መልቀሟን ቀጠለች። አንድም ቃል አልተናገረችም። እናቴን የሚያውቅ ሰው ዝምታዋ ምን ያህል እንደሚከብድ ያውቃል።

ልጄን ልቆጣት አስቤ ነበር፤ ተውኩት። በቁጣ ስሙን የወደደ ልጅ አላየሁም። ቅዳሜ ቡና ሲፈላ አጠገቤ አስቀመጥኳትና «ሞክሼ ማለት ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?» አልኳት።

«በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ተምረናል። ሀ፣ ሐ እና ኀ ሞክሼ ፊደላት ናቸው። ድምፃቸው አንድ ነው፣ መልካቸው ግን ይለያያል።»

«ሰውም እንደዚያው ነው። ስማቸው አንድ የሆነ ሰዎች ሞክሼ ይባላሉ። ዛሬ ያንቺን ሞክሼዎች ላስተዋውቅሽ።»

ስልኬ ላይ አንድ ዘፈን ከፈትኩ። ገና ድምፁን ስትሰማ «ይቺንማ አውቃታለሁ፣ ጂጂ ናት» አለች። «ጂጂ ማለት እኮ እጅጋየሁ ሽባባው ናት» ስላት አላመነችኝም። ስልኩን ተቀብላ ራሷ አረጋገጠች።

እጅጋየሁ ሽባባው ጎጃም፣ ቻግኒ ያደገች ናት። ከቻግኒ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ኬንያ፣ ከኬንያ አሜሪካ ተሻገረች። እ.ኤ.አ. በ2001 «ጂጂ» የተሰኘው አልበሟ በአሜሪካዊው ፕሮዲዩሰር በቢል ላስዌል አዘጋጅነት ሲወጣ፣ እንደ ኸርቢ ሃንኮክና ዌይን ሾርተር ያሉ የጃዝ ሊቃውንት አጅበዋታል። «አባይ»፣ «ጉራማይሌ» እና የካቲት 23 በመጣ ቁጥር ከየአቅጣጫው የምንሰማው «አድዋ» ያሉት በዚሁ አልበም ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ያጣናት እህቷ ትዕግስትም ድምፃዊት ነበረች።

«አድዋ» ስል እስከዚያ ድረስ ዝም ብላ ቡናዋን ስትቀዳ የነበረችው እናቴ ቀና አለች። «የምኒልክስ እናት ስማቸው ማን ነበር?» አለች። ልጄ አላወቀችም፤ እውነቱን ለመናገር እኔም ረስቼው ነበር። ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. አንጎለላ ላይ ዳግማዊ ምኒልክን የወለዱት ወይዘሮ እጅጋየሁ ናቸው። «የአሮጊት ስም» የተባለው የአድዋው ንጉሥ እናት ስም ሆኖ ተገኘ።

ሁለተኛዋ ሞክሼ አትሌት ናት፤ እጅጋየሁ ዲባባ። አርሲ፣ በቆጂ አካባቢ ተወልዳ አደገች። በ1996 ዓ.ም. በአቴንስ ኦሊምፒክ 10 ሺህ ሜትር ስትሮጥ እኔና እናቴ በቴሌቪዥን ተመልክተናታል። ቻይናዊቷን ዢንግ ሁዊናን ተከትላ ሁለተኛ ወጣች። ልዩነታቸው አንድ ሰከንድ እንኳ አይሞላም። ሦስተኛ የወጣችው የሥጋ ዘመዷ ደራርቱ ቱሉ ነበረች።

«የጥሩነሽ እህት ናት?» አለች ልጄ።

አዎ፣ የጥሩነሽና የገንዘቤ ታላቅ እህት ናት። ጥያቄው ግን አስደነገጠኝ። እጅጋየሁን ያወቀቻት በታናሽ እህቷ ስም ነው። እኛም ብንሆን ዲባባ ሲባል ቀድማ የምትታወሰን ሦስት የኦሊምፒክ ወርቅ ያላት ጥሩነሽ ናት፤ ቀጥሎ በ2007 ዓ.ም. በ1,500 ሜትር የዓለምን ክብረ ወሰን የሰበረችው ገንዘቤ። በ1997 ዓ.ም. በሄልሲንኪ የዓለም ሻምፒዮና ጥሩነሽ 5 ሺህውንም 10 ሺህውንም ስታሸንፍ፣ እጅጋየሁ በሁለቱም ሦስተኛ ነበረች። በ5 ሺህ ሜትር ከአንደኛ እስከ አራተኛ የገቡት ኢትዮጵያውያን ናቸው። አስቡት፤ ከዓለም ሁለት ጊዜ ሦስተኛ መውጣት፣ ያውም ሁለቱንም ጊዜ ከታናሽ እህት ኋላ!

እጅጋየሁ ግን በዚያ አላቆመችም። በ2004 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ቺካጎ ሄዳ ለመጀመሪያ ጊዜ ማራቶን ሮጠች። በ2 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ከ9 ሰከንድ ሁለተኛ ሆና ጨረሰች።

ይህን እየተረክሁ ራሴን ታዘብኩት። እኔ ቤት ታናሽ ወንድሟ ከክፍሉ አንደኛ ይወጣል። ካርድ በተሰጠ ቁጥር «ወንድምሽን አታዪውም?» የምላት እኔው ነኝ። አራተኛ ወጥታ በደስታ እየሮጠች የመጣችበትን ቀን አስታወስኩ። መጀመሪያ የጠየቅኋት «አንደኛ ማን ወጣ?» ብዬ ነበር። ለአንድ ልጅ ከክፍል ጓደኞቹ ሳቅ ይልቅ የእናቱ ጥያቄ ሳይብስ አይቀርም።

ሦስተኛዋን ቶሎ ብዬ ነገርኳት፤ እጅጋየሁ ታዬ። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ የ5 ኪሎ ሜትር የጎዳና ሩጫን በ14 ደቂቃ ከ19 ሰከንድ ጨርሳ የዓለም ክብረ ወሰን ያዘች። በ2015 ዓ.ም. ቡዳፔስት ላይ ደግሞ በ10 ሺህ ሜትር ጉዳፍ ፀጋይና ለተሰንበት ግደይን ተከትላ ነሐስ ወሰደች። «ይቺማ ወጣት ናት!» አለች ልጄ ፎቶዋን እያየች። ስሙ ያረጀ መስሏት ነበር።

ትንሽ ዝም ብላ ቆየችና ወደ አያቷ ዞረች። «እማማ፣ ምን አይተሽ ነው ግን እጅጋየሁ ያልሽኝ?»

እኔና እናቴ ተያየን። ይህን ለልጄ ነግረናት አናውቅም። ከእሷ በፊት ሁለት ጊዜ ፅንስ ጨንግፎብኛል። በሁለተኛው ጊዜ ሆስፒታል ሦስት ቀን ከአልጋዬ ሥር ወለል ላይ አንጥፋ ያደረችው እናቴ ናት። ልጄን ወልጄ ሳስታቅፋት ለረጅም ጊዜ ትክ ብላ አየቻትና «እጅጋየሁ» አለች። ሌላ ስም ያሰበ ሰው ቢኖርም ከዚያ በኋላ አልተናገረም።

እናቴ ስኒዋን አስቀምጣ ሁሉንም ራሷ ነገረቻት። «እጅግ አየሁ ማለት ነው። መከራም አየሁ፤ አንቺንም አየሁ።»

ልጄ አላለቀሰችም። «ታዲያ እኔ የትኛዋን ልሁን? ዘፋኟን ነው ሯጯን?»

«ስሙ እኔ ያየሁት ነው» አለች እናቴ። «የምትሆኚውንማ አንቺ ታዪዋለሽ።»

ውድ ወላጆች፣ አያቶችም፤ ለልጆቻችን ስም ስናወጣ ብዙ ጊዜ የምንጽፈው የራሳችንን ታሪክ ነው። ሲሳይ፣ ማስረሻ፣ ካሳ፣ ትርሲት፣ ሁሉም የሆነ ቀን የሆነ ሰው ያየው ነገር አለበት። ታሪኩን ሳንነግራቸው ስሙን ብቻ ካሸከምናቸው ግን ክፍል ውስጥ ሲሳቅባቸው የሚመልሱት ያጣሉ። እናንተም ለልጃችሁ ገና ካልነገራችሁት፣ የሚመጣው ቅዳሜ ቡና ጥሩ ጊዜ ነው። ካርዱንም ስትቀበሉ አንደኛ ማን እንደወጣ ከመጠየቃችሁ በፊት የያዘውን እዩለት። ለእኔም ቢሆን ይህ ገና የምለማመደው ነገር ነው።

ልጄ ስሟን አልቀየረችም። ጓደኞቿ ጂጂ ቢሏት ግን እንደማትከፋ ነግራናለች። መምህሩ ስም ሲጠራ አሁንም የሚስቅ እንደማይጠፋ ትናገራለች። እሷ ግን «እጅጋየሁ!» ሲባል ድምፁዋን ከፍ አድርጋ «አቤት!» ትላለች።