ቤርሊኔታ፣ ስፓይደር፣ ባርኬታ፦ የድሮ የጣሊያን ስፖርት መኪኖች ስም አነባበብ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት አልፋ ሮሜዮ የሚገዛ ሀብታም ጣሊያናዊ ከፋብሪካው የሚረከበው ብዙ ጊዜ ሙሉ መኪና አልነበረም። ሞተሩን፣ ካምቢዮውንና ጎማውን የተሸከመ ሻንሲ ይገዛና አካሉን ለማሠራት ወደ ካሮሴሪያ ይሄዳል። ካሮሴሪያ ማለት ላሜራ በመዶሻ እየቀጠቀጠ ለዚያ ራቁት ሻንሲ መልክ የሚያወጣለት ቤት ነው። ቶሪኖ ውስጥ ቤርቶኔና ፒኒን ፋሪና፣ ሚላኖ ውስጥ ዛጋቶና ቱሪንግ በዚህ ሥራ ስማቸው ገነነ። ጆቫኒ ቤርቶኔ ሙያውን የጀመረው በፈረስ ሠረገላ ነው፤ ኡጎ ዛጋቶ ደግሞ ከአውሮፕላን ሥራ መጥቶ በ1919 የራሱን ቤት ከፈተ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የመኪኖቹ ስም ረጅምና ውስብስብ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። አንዱ ሞተሩን፣ ሌላው አካሉን ሠርቶ፣ ሦስተኛው ደግሞ የውድድሩን ሕግ ሲያወጣ ስሙ ለሦስቱም መናገር ነበረበት።

ንባቡ ከጣራው ይጀምራል። ቤርሊና ቤተሰብ የሚጫንባት፣ አብዛኛውን ጊዜ ባለ አራት በር የሆነች፣ ጣራዋ የማይነሣ መኪና ናት። ቤርሊኔታ ስሟ “ትንሿ ቤርሊና” ቢልም ትንሽነቷ ዋና ነገር አይደለም። ዝቅ ያለች፣ ለሁለት ሰው የተሠራችና ጣራዋ ሳይሰበር እስከ ጅራቷ የሚወርድ መሆኗ ነው ከሌላው የሚለያት። ፒኒን ፋሪና ከጦርነቱ በኋላ ያበጃት ቺዚታሊያ 202 የዚህ ቅርጽ እናት ናት ቢባል አልተጋነነም፤ በ1951 የኒውዮርክ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም እንደ ሐውልት አቁሞ ለሕዝብ አሳይቷታል።

ኩፔም ጣራዋ የተዘጋ፣ በሯ ሁለት ነው። ታዲያ ከቤርሊኔታ በምን ትለያለች? ፌራሪ በ1950ዎቹ መጨረሻ የሠራቸውን ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ማየት ይበቃል። 250 ጂቲ ኩፔ የሻንጣ ቦታዋ ከኋላ ለብቻው ወጥቶ የሚታይ፣ ረጋ ያለች የጨዋ ሰው መኪና ናት። 250 ጂቲ ቤርሊኔታ ደግሞ በዚያው በሦስት ሊትሩ ባለ 12 ሲሊንደር ሞተር ላይ፣ ሻንሲዋ አጥሮ፣ ብዙ ጊዜም አልሙኒየም ለብሳ ለውድድር የተሰናዳች ናት። ሞተሩ አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ ሁለት ስም ያስፈለገው መኪኖቹ የታሰቡለት ሕይወት ስለሚለያይ ነው። ሠሪዎቹ ራሳቸው ድንበሩን የጣሱባቸው ጊዜያት አሉ፤ ቢሆንም ልዩነቱን የማይረባ የነጋዴ ቃል አድርገው ከሚያዩት ጋር አልስማማም።

ጣራ የሌላቸው ላይ ጉዳዩ ይረቅቃል። ስፓይደር ከፈረስ ሠረገላ ዘመን የተረፈ ስም ሆኖ ሁለት ሰው የምትይዝ ቀላል ክፍት መኪናን ያመለክታል፤ ሸራ ቢኖራትም ለዝናብ ቀን ብቻ ነው። ካብሪዮሌት ግን ሸራው ሲዘረጋ እንደ ዝግ መኪና እንድትሞቅ ተደርጋ የተሠራች ናት። ይህን ከላንቻ አውሬሊያ ቢ24 በላይ የሚያስረዳ የለም። በ1954 የወጣችው ስፓይደር የሚወጣና የሚወርድ የበር መስታወት አልነበራትም፤ የበሯ እጀታም በውጭ በኩል የለም፣ እጅን ወደ ውስጥ ሰዶ መክፈት ነው። በ1956 የተከተለቻት ላንቻ መስታወትም እጀታም አገኘች፣ ስሟም ወዲያው ኮንቨርቲቢሌ፣ የካብሪዮሌት አቻ፣ ተባለ። መስታወትና እጀታ መጡና ምድቧን ለወጡት።

ባርኬታ ከሁሉም የተራቆተችው ናት፤ ጣራ የለ፣ ሸራ የለ። በ1948 በቶሪኖ ኤግዚቢሽን ላይ ቱሪንግ አካሏን የሠራላት ፌራሪ 166 ኤምኤም ቀረበች። ጎኖቿ እንደ ጀልባ ክብ ስለነበሩ ጣሊያኖች “ትንሿ ጀልባ” አሏት፣ ስሙም ጸና። ቱሪንግ አካሉን የሚሠራው ቀጫጭን የብረት ቱቦዎችን አያይዞ በላዩ ስስ አልሙኒየም በማልበስ ነበር፤ ዘዴውን ሱፐርሌጄራ፣ ማለትም እጅግ ቀላል ብሎታል። የቅለቱ ዋጋ በ1949 ታየ፤ ይህቺ መኪና በአንድ ዓመት ሚሌ ሚሊያና ለማን የተባሉትን ሁለት ታላላቅ ውድድሮች አሸነፈች።

ቁጥሩን ማንበብ ለአዲስ አበባ ሰው አይከብደውም። ሰማያዊና ነጩን ሴይቼንቶ ታክሲ የሚያስታውስ ሁሉ ፊያት መኪናውን በሞተሩ መጠን፣ በስድስት መቶ፣ እንደሰየመው ያውቃል። ፌራሪ ግን የሚቆጥረው የአንዱን ሲሊንደር ይዘት ነው። 250ን በ12 ሲያበዙት ሦስት ሊትር ይመጣል።

ፊደሎቹ ላይ ነው ስሙ ክርክር የሚሆነው። ጂቲ፣ ግራን ቱሪስሞ፣ ሻንጣ ጭና አገር የምታቋርጥ ፈጣን መኪና ናት፤ የ1951ዱ ላንቻ አውሬሊያ ቢ20 ዓይነተኛዋ ናት። የውድድሩ ሕግ ግን በዚህ ምድብ ለመመዝገብ በ12 ወር ውስጥ 100 መኪና መሠራቱን ይጠይቅ ነበር። ፌራሪ በ1962 ለውድድር ያወጣት 250 ጂቲኦ በጠቅላላው 36 ብቻ ናት የተሠራችው። ሆኖም ፋብሪካው አዲስ ሞዴል አይደለችም፣ ቀድሞ የተመዘገበችው የ250 ጂቲ እድገት ናት ብሎ ተከራከረና ጸደቀለት። መጨረሻ ላይ የተጨመረችው ኦ “ኦሞሎጋታ” ናት፣ የጸደቀች ማለት። ስሟ የሙግቱ ውሳኔ ነው።

ፌራሪ በ250 ኤልኤም ያንኑ ሊደግም ሞከረ። የዚህች ሞተር ከሾፌሩ ኋላ ነው የተቀመጠው፤ ከመጀመሪያዋ በቀር ሁሉም 3.3 ሊትር ስለነበሩ በፌራሪ በራሱ ስሌት 275 መባል ነበረባቸው። የቀድሞዋ ዘር ናት ለማለት ሲባል 250 የሚለው ቁጥር አልተነካም። ዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን ግን አልተቀበለም፤ ኤልኤም ከንጹህ የውድድር መኪኖች ጋር እንድትሰለፍ ሆነች፣ በ1965ም ለማንን ከነሱ ጋር ተወዳድራ አሸነፈች።

የመጨረሻው ምልክት የአካል ሠሪው ፊርማ ነው። አልፋ ሮሜዮ ጁሊየታ በአንድ 1.3 ሊትር ሞተር ቤርሊና፣ የቤርቶኔ ስፕሪንት ኩፔ፣ የፒኒን ፋሪና ስፓይደር ሆናለች። ኤስዜድ የተባለችው ደግሞ ስፕሪንት ዛጋቶ ናት፣ ክብና ቀላል፣ ለውድድር።

ነገር ግን ጁሊየታ አካሏና ሻንሲዋ አንድ ሆነው የተበየዱባት መኪና ነበረች፤ ይህ አሠራር ሲስፋፋ ራቁት ሻንሲ ገዝቶ ካሮሴሪያ መሄድ እየቀረ መጣ። ቱሪንግ በ1960ዎቹ አጋማሽ በሩን ዘጋ። ሙያው ሲሳሳ ስሞቹም ከሥራው ተላቀቁ። ፊያት በ1995 ባርኬታ ብሎ ያወጣት መኪና የምታምር ናት፣ እወዳታለሁ፤ ግን የሚታጠፍ የሸራ ጣራ አላት፣ የበሯ መስታወትም ወጥቶ ይዘጋል። በቢ24 መለኪያ ከሄድን ስፓይደር ለመባል እንኳ ምቾቷ በዝቷል።