ከባሕር የራቀው ነጋዴና የጀልባው ማገር

ሸደር፣ ጅግጅጋና ቶጎ ውጫሌ ከባሕር የራቁ ከተሞች ቢሆኑም፣ የንግዳቸው ሀብት ከባሕር ጋር የተያያዘ መሆኑ የታወቀ ነው። የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ እስኪደርስ ድረስ የሐረርና የአካባቢዋ ሸቀጥ ታላቅ በር ዘይላ ነበረች። ዛሬም ወደ ጅግጅጋ ገበያ ከሚገባው ዕቃ አንዳንዱ በርበራ ላይ ተራግፎ፣ ወደ 250 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን መንገድ አቋርጦ በቶጎ ውጫሌ በኩል ይደርሳል። በዚያ ዳርቻ ዓሣ አጥማጆች ከሚቀዝፏቸውና በሞተር ከሚነዷቸው ጀልባዎች ብዙዎቹ፣ እንደዚሁም በጣናና በሐዋሳ ሐይቆች ከሚመላለሱት አንዳንዶቹ፣ ከፋይበርግላስ የተሠሩ ናቸው። የእነዚህ ጀልባዎች ጥገና የባለሙያው ሥራ ቢሆንም፣ የጥገናው ብርታት ዕቃውን በሚያስመጣውና በሚሸጠው ነጋዴም እጅ ነው።

የፋይበርግላስ ጀልባ ቀፎ በሬዚን የራሰ የመስታወት ክር ንጣፍ ተደራርቦ ሲደርቅ የሚገኝ ነው። ቀፎው ውኃ አያስገባም፤ ብቻውን ግን በማዕበልና በሞተር ግፊት ይተጣጠፋል። ስለዚህ በውስጡ፣ ከወለሉ ሥር፣ ከፊት እስከ ኋላ የሚዘረጉ ማገሮችና እነርሱን የሚያቋርጡ አግዳሚዎች ይጣበቁበታል። ብዙውን ጊዜ የማገሩ ልብ እንጨት ወይም ኮምፔንሳቶ ሲሆን፣ ላዩ በፋይበርግላስ ይለበሳል። ቤት ያለ ማገር እንደማይቆም፣ ጀልባም ያለ እነዚህ ደጋፊዎች ቅርጹን ሊጠብቅ አይችልም።

የማገር ጠላት ሳይዘጋ በቀረ የብሎን ቀዳዳ ሾልኮ የሚገባ ውኃ ነው። ልባሱ ከውጭ ደህና መስሎ ሳለ፣ እንጨቱ ከውስጥ ይበሰብሳል። ወለሉ ሲረገጥ መለስለሱ፣ ማገሩ በመዶሻ ጫፍ ሲመታ ድምፁ የታፈነ መሆኑ፣ የሞተር ማሰሪያ ብሎኖችም አልጠብቅ ማለታቸው የጉዳቱ ምልክቶች ናቸው። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ በዚህ ጊዜ ያልተጠገነ ጀልባ በማዕበል መካከል ቀፎው ሊሰነጠቅ ይችላል፤ የሚጠፋውም ሸቀጥ ብቻ ሳይሆን የሰው ሕይወት ጭምር ነው።

ጥገናው ሲጀመር ቀፎው ቅርጹን እንዳይለቅ ከሥሩ በሚገባ መደገፍ አለበት። ማገሮቹም ሁሉም በአንድ ጊዜ ሳይሆን ተራ በተራ ይነሣሉ። የበሰበሰው ከተነቀለ በኋላ ማጣበቂያው ሥፍራ ቀለምና ቅባት እስኪለቅ ድረስ ተፍቆ በአሴቶን ይወለወላል፤ ፍጹምም ይደርቃል። አዲሱ ማገር በወፍራም የሬዚን ስቱኮ ላይ ይቀመጣል፤ ማዕዘኑም በዚያው ስቱኮ ይሞላና ክብ ተደርጎ ይስተካከላል፤ የመስታወት ክር በሹል ማዕዘን ላይ በደንብ አይታጠፍምና። ከዚያም ንጣፎቹ ስፋታቸው እየተለያየ ማገሩንና ቀፎውን አያይዘው ይደራረባሉ። ጫፎቻቸው በአንድ መስመር ላይ ቢያልቁ ኃይሉ ሁሉ በዚያ ቦታ ተከማችቶ ስንጥቅ ያስከትላል።

የነጋዴው ኃላፊነት ጎልቶ የሚታየው በዕቃው ምርጫ ነው። ፖሊስተር ሬዚን ርካሽ ቢሆንም፣ ቀድሞ በደረቀው ቀፎ ላይ የሚይዘው የተፋቀውን ሸካራ ገጽ በመጨበጥ ብቻ ነው። ኤፖክሲ ዋጋው ከፍ ያለ ሲሆን፣ ከእንጨትም ከአሮጌ ፋይበርግላስም ጋር ይበልጥ ይጣበቃል። ይሁን እንጂ ለፖሊስተር ተብሎ የተሠራ ቁርጥራጭ የክር ንጣፍ፣ ማያያዣው በፖሊስተር ውስጥ እንዲሟሟ የተዘጋጀ ስለሆነ፣ ብዙውን ጊዜ ለኤፖክሲ አይስማማም። ስለዚህ ሬዚኑን፣ ማጠንከሪያውንና ንጣፉን ሳያመሳስል የሚሸጥ ነጋዴ ደንበኛውን ደካማ ማገር ሸጦለታል ማለት ነው። የኤፖክሲ ማጠንከሪያም በአምራቹ ልክ ብቻ የሚጨመር ነው፤ ቶሎ ይድረቅ ተብሎ ቢበዛ ሥራው ይበላሻል።

ከዚህም በላይ የሙቀት ጉዳይ አለ። ፖሊስተር ሬዚን ከ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች በሆነ ጥላ ሥፍራ ቢቀመጥ እንኳ ዕድሜው የወራት ነው። በርበራ በሞቃት ወራት ሙቀቷ ከ40 ዲግሪ በላይ ስለሚደርስ፣ በኮንቴይነር ውስጥ ሳምንታት የቆየ ሬዚን ጅግጅጋ ሳይደርስ ዕድሜው ሊያጥር ይችላል። የደጋው አየር የጠፋውን አይመልሰውም። አስመጪው የምርቱን ቀን መርምሮ መቀበል፣ ጭነቱንም ከወደብ በቶሎ ማንሣት፣ ቀድሞ የገባውን ቀድሞ መሸጥ ይገባዋል። የፖሊስተር ማጠንከሪያ የሆነው ፐርኦክሳይድ ዓይን ሊያጠፋ የሚችልና እሳት የሚያቀጣጥል ስለሆነ ከሬዚኑ ተለይቶ ይቀመጥ፤ ኮባልት ከሚባለው ማፍጠኛ ጋርም በቀጥታ ፈጽሞ አይቀላቀል፤ ይፈነዳልና።

እነዚሁ ዕቃዎች ለመኪና አካልና ለፋይበርግላስ የውኃ ማጠራቀሚያ ጥገናም ስለሚውሉ፣ ጉዳዩ የባሕር ዳርቻው ነጋዴ ብቻ አይደለም። በሸደርም ሆነ በጅግጅጋ ሱቅ የሚከፍት ሰው፣ ቀኑ ያላለፈና ከጓደኞቹ ጋር የተመሳሰለ ዕቃ ቢያቀርብ፣ ትርፉ ከአንድ ቆርቆሮ ሽያጭ ይልቅ ደንበኛው ተመልሶ በሚመጣበት እምነት ላይ የቆመ ይሆናል።