የኢሉባቦርን ጭቃ የሚረታው ትልቅ ጎማ ነው? ተረትና እውነታ

መቱ፣ ጎሬ፣ ቡሬ፣ ሁሩሙና ያዩ የሚገኙበት ኢሉባቦር በአገራችን ዝናብ ከሚበዛባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። የዓመቱ ዝናብ ከ1,500 ሚሊ ሜትር ያልፋል፤ ክረምቱም ቀድሞ ገብቶ ዘግይቶ ይወጣል። ከጅማ ተነስቶ በበደሌ አድርጎ መቱ በሚገባው አስፋልት ላይ ለሚውል አሽከርካሪ ይህ ብዙም አያስጨንቅም። ከዋናው መስመር ወጥቶ ወደ ቡና ማሳ፣ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ወይም በበቾ በኩል ወደ ሶር ፏፏቴ ለሚታጠፍ ግን ቀዩ ሸክላ አፈር ሌላ ፈተና ነው። ስለዚህ ፕራዶ፣ ሂልክስ፣ ራቭፎር ወይም ሱዙኪ ቪታራ ያለው ሰው ጎማው ሲያልቅ አንድ ምክር ከየአቅጣጫው ይሰማል፦ «ከፋብሪካው ከፍ ያለ ኦል ቴሬይን ግዛ፤ ቸርኬውን መቀየር አያስፈልግህም፤ ከዚያ በኋላ ጭቃ አይዝህም።» ምክሩ ግማሹ እውነት ነው። ለዚህ አገር መንገድ ኦል ቴሬይን ጎማ መምረጥ ተገቢ ነው። «ከፍ ያለ» የሚለው ግን በአብዛኛው ተረት ነው፤ ምክንያቱም ለጎማ ትልቅነት የምንሰጠው ምስጋና በእርግጥ የሚገባው ለጥርሱ፣ ለጎኑ ጥንካሬና ለአየር ልኩ ነው። ትልቅነቱ ራሱ የሚሰጠው ጥቂት፣ የሚወስደው ብዙ መሆኑን በስሌት ማሳየት ይቻላል።

ተረት 1፦ «ጎማው ሲተልቅ መኪናው ከመሬት በደንብ ይነሳል»

እውነታው ጎማው ላይ ከተጻፈው ቁጥር ይጀምራል። ብዙ ፕራዶዎች ከፋብሪካ የሚወጡት በ265/65 አር17 ነው። 265 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው፤ 65 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ 65 በመቶ መሆኑን ይነግረናል፤ 17 ደግሞ የቸርኬው ልክ በኢንች ነው። ሲሰላ የጎማው ቁመት ከጫፍ እስከ ጫፍ 776 ሚሊ ሜትር ይመጣል። በዚያው ቸርኬ ላይ 265/70 አር17 ቢገባ ቁመቱ 803 ይሆናል። ልዩነቱ 27 ሚሊ ሜትር ቢሆንም መኪናውን የሚያነሳው ግማሹ ብቻ ነው፤ ግማሹ ከአክሱ በላይ ይቀራልና። ስለዚህ ትርፉ 13 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ወደ 285/70 አር17 ቢኬድ እንኳ ቁመቱ 831 ይሆንና የሚነሳው 27 ሚሊ ሜትር ነው። 225/65 አር17 በሚያደርገው ራቭፎር ላይ 235/65 አር17 ቢገባ ደግሞ ትርፉ ሰባት ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። እዚህ ላይ ልምድ ያለው አሽከርካሪ ተገቢ መከራከሪያ ያነሳል፦ ሞላ ወይም ባሌስትራ ማስነሳት ሻንሲውን ከፍ ቢያደርግም ድፍን አክስ ያለው መኪና ዲፈረንሻሉ ከነበረበት አይነሳም፤ እሱን ከመሬት የሚያርቀው ጎማ ብቻ ነው። ይህ ልክ ነው። ነገር ግን በዝናብ ወራት አይሱዙ የቆፈረው የጎማ ቦይ የሚለካው በሚሊ ሜትር ሳይሆን በስንዝር ነው። ዲፈረንሻሉ መሬት የሚቀመጥበትን ቦይ 13 ሚሊ ሜትር አያሻግርም። የሚያሻግረው ጎማን ቦዩ ውስጥ ከማስገባት ይልቅ በጠርዙና በመሀሉ ጉብታ ላይ ማስኬድ ነው፤ ይህ ደግሞ የነጂ ሥራ ነው።

ተረት 2፦ «ጭቃ ላይ ሰፊ ጎማ ይሻላል»

ይህን ለመመርመር ምስክሩ በደጃችን አለ። ለአምቡላንስ፣ ለመንግሥት መሥሪያ ቤትና ለእርዳታ ድርጅቶች ለአሥርተ ዓመታት የገጠሩን መንገድ ሲያገለግል የኖረው ላንድክሩዘር ሃርድቶፕ ብዙ ጊዜ የሚያደርገው 7.50 አር16 ነው። ይህ ጎማ ስፋቱ ሰባት ተኩል ኢንች፣ ማለትም 190 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን ከፕራዶው ጎማ በሩብ ያህል ይጠባል። ስፋት ጭቃን የሚረታ ቢሆን ኖሮ ይህ መኪና ከሁሉ ቀድሞ በቆመ ነበር። ምክንያቱ ከመንገዱ አሠራር ጋር የተያያዘ ነው። የገጠር መንገዳችን ብዙውን ጊዜ ከላይ የረጠበና የሚያንሸራትት ቀጭን የሸክላ ንጣፍ፣ ከሥሩ ግን ጠጠር ወይም የጠነከረ አፈር አለው። ጠባብ ጎማ የመኪናውን ክብደት በትንሽ ቦታ ላይ ሰብስቦ ንጣፉን ይቀድና የጠነከረውን ይነካል፤ ሰፊው ክብደቱን ዘርግቶ በላዩ ላይ ይንሳፈፋል፤ ቁልቁለት ላይ ደግሞ እንደ ሸርተቴ ወደ ጎን ይሄዳል። ሰፊ ጎማ የሚጠቅምበት ቦታ አለ፤ ሥር የሌለው ረግረግ ወይም አሸዋ ሲሆን መስመጥን ይቀንሳል። ከመቱ ወደ ገጠር ቀበሌ የሚወስደው መንገድ ግን በአብዛኛው ረግረግ አይደለም። ሃርድቶፑ የሚወጣው በጎማው ብቻ ሳይሆን በከባድ ማርሹና በጠንካራ አክሱም ነው የሚል ካለ ትክክል ነው፤ ክርክሩንም ያጠናክረዋል። መኪና ጭቃ የሚወጣው በብዙ ነገር ተባብሮ እንጂ በጎማ ልክ ብቻ አይደለም።

ተረት 3፦ «ኦል ቴሬይን ከሆነ የትም ይገባል»

ስሙ ራሱ ሁሉን ቻይ ያስመስለዋል፤ እውነታው ግን ኦል ቴሬይን የስምምነት ጎማ ነው። ጥርሱ ከአስፋልት ጎማ ይልቅ ይራራቃል፣ ጎኑም ብዙ ጊዜ ይጠነክራል፤ ስለዚህ ኮረኮንችና ፒስታ ላይ ቶሎ አይቆረጥም፣ ሣርና ለስላሳ አፈር ላይ ይቆነጥጣል። የሚያጣብቅ ሸክላ ሲገጥመው ግን በጥርሶቹ መካከል ያለው ክፍተት ይሞላና ጎማው ልሙጥ ይሆናል። የጭቃ ጎማ የሚባለው ክፍተቱ ሰፊ ስለሆነ ሲሽከረከር ጭቃውን ይተፋል፤ በምላሹ በአስፋልት ላይ ይጮኻል፣ ቶሎ ያልቃል፣ በዝናብ ሰዓት ፍሬን ሲያዝ ርቆ ይቆማል። አብዛኛውን ኪሎ ሜትሩን በጅማ፣ በበደሌና በመቱ አስፋልት ላይ ለሚነዳ ሰው ኦል ቴሬይን የተሻለ ምርጫ የሚሆነው ለዚህ ነው። ሆኖም ድክመቱ የሚስተካከለው በልክ እንዳልሆነ ልብ ይሏል። የተሞላ ጥርስ 776 ሚሊ ሜትር ጎማ ላይም ሆነ 831 ሚሊ ሜትር ጎማ ላይ ያው የተሞላ ጥርስ ነው። ለከፋው ጭቃ መድኃኒቱ በጎማ ላይ የሚታሰር ሰንሰለት ነው፤ ሰንሰለት ደግሞ በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ቦታ ይፈልጋል። ጎማውን ያተለቀ ሰው ያንን ቦታ ራሱ ዘግቶታል።

ተረት 4፦ «ቸርኬው ላይ ከገባ ችግር የለውም»

ጎሚስታው ማስገባቱና መኪናው መሸከሙ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እያንዳንዱ የጎማ ልክ የተፈቀደለት የቸርኬ ስፋት አለው፤ 285/70 አር17 ለምሳሌ ቢያንስ ሰባት ተኩል ኢንች ስፋት ያለው ቸርኬ ይፈልጋል፤ ያ ደግሞ የብዙ ፕራዶ ቸርኬ ስፋት ሆኖ ለጎማው የመጨረሻው ዝቅተኛ ወሰን ነው። ቆሞ ያልነካ ጎማም መሪው እስከ ጥግ ሲዞር ወይም ሞላው ተጭኖ ሲወርድ ፓራፋንጎውን ሊፍቅ ይችላል። ከዚህ የሚከብደው ግን ዓይን የማያየው ለውጥ ነው። ጎማው በ7 በመቶ ሲያድግ እያንዳንዱ ማርሽ በዚያው መጠን «ይረዝማል»፤ ሞተሩ መኪናውን ለመግፋት ይከብደዋል። መቱ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ፣ ጎሬ ደግሞ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ኃይል ስለሚያጣ መቱ ላይ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር 15 በመቶ ገደማ ቀድሞ ጎድሎታል፤ ትልቅ ጎማ በዚህ ላይ ሸክም ይጨምርለታል። ፍሬንም እንዲሁ ነው። ያው የእግር ጫና ትልቅ ጎማ ላይ በዚያው መጠን ያነሰ የማቆም ኃይል ይሰጣል። ከጎሬ በቡሬ አድርጎ ወደ ጋምቤላ የሚወርደው መንገድ ከ2,000 ሜትር ገደማ ወደ 500 ሜትር ገደማ ያወርዳል። እንዲህ ባለ ቁልቁለት ላይ የፍሬን ጉልበት መቀነስ የቁጥር ጨዋታ አይሆንም።

እዚህም መከራከሪያ አለ፦ የፍጥነት ቆጣሪ ከፋብሪካው ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ እንዲያሳይ ስለሚሠራ ትልቅ ጎማ ቆጣሪውን ወደ ልኩ ይመልሰዋል ይባላል። የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ቁጥር 39 ቆጣሪው ከእውነተኛው ፍጥነት ዝቅ አድርጎ ፈጽሞ እንዳያሳይ ስለሚያዝ ፋብሪካዎች ጥቂት ከፍ ያደርጉታል። ስለዚህ ለ265/70 አር17 መከራከሪያው ይሠራል፤ የሚያመጣው ለውጥ 3 በመቶ ብቻ ነው። በ285/70 አር17 ግን ቆጣሪው 80 በሚልበት ጊዜ ጎማው በፊት ከነበረው በ7 በመቶ የበለጠ ይሮጣል፤ የፋብሪካው ጥንቃቄ ይህን ሁሉ ላይሸፍነው ይችላል። ኪሎ ሜትር ቆጣሪውም ከአዲስ አበባ መቱ ያለውን 600 ኪሎ ሜትር ገደማ 560 አድርጎ ስለሚቆጥር ዘይት የሚቀየርበት ጊዜ ሳይታወቅ ያልፋል።

የስኮርት ጎማ ጉዳይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ይረሳል። አራት ትልልቅ ጎማ ገዝቶ የፋብሪካውን ስኮርት የተወ ሰው ጎማው ሲፈነዳ ልኩ የተለያየ ጎማ ያስራል። ሁልጊዜ በአራቱም ጎማ የሚነዳ መኪና ላይ ይህ ዲፈረንሻሉን ያለማቋረጥ እንዲሠራና እንዲሞቅ ያደርገዋል። አምስተኛውን ትልቅ ጎማ የገዛም ቢሆን ሁለተኛው ጎማ ቢጎዳበት በትንሽ ከተማ ያንን ልክ ማግኘት ይከብደዋል፤ በአካባቢው ብዙ መኪና የሚያደርገው ልክ ግን ቢያንስ በአሮጌው ይገኛል። ነዳጅ የሚጠቀሙ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ያለውን መኪና ዲፈረንሻልና ማርሽ ጠብቆ ማቆየት ከበፊቱ የበለጠ ዋጋ አለው።

ተረት 5፦ «ወፍራም ጎማ ግዛ፤ ጎኑ ላይ የተጻፈውን ያህል ንፋ»

ኤልቲ የሚል ምልክት ያለው ጎማ ለጭነት የተሠራ ነው፤ ጎኑ ወፍራም ስለሆነ ድንጋይ ቶሎ አይበሳውም። ቡና ወይም ማር ጭኖ ኮረኮንች ለሚመላለስ ሂልክስ ጥሩ ምርጫ ነው። ጎኑ ላይ የተጻፈው 80 ፒኤስአይ ግን ጎማው የመጨረሻውን ጭነት ሲሸከም የሚነፋበት ልክ እንጂ ለመኪናው የሚመከር አይደለም። በቀላል መኪና ላይ ያን ያህል የተነፋ ጎማ መሬት የሚነካው በመሀሉ ብቻ ነው፤ ይዘላል፣ ይንሸራተታል፣ መሀሉ ቶሎ ያልቃል። የመኪናው ልክ በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ ተለጥፏል። ወፍራሙ ጎማ ያንኑ ጭነት ለመሸከም ከዚያ ጥቂት ከፍ ያለ አየር ስለሚፈልግ ጎማው የራሱ የጭነት ሠንጠረዥ ሊታይለት ይገባል። በተቃራኒው ጭቃ ወይም አሸዋ ሲይዝ አየሩን ወደ 20 ፒኤስአይ ገደማ ዝቅ ማድረግ ጎማው መሬት የሚነካበትን ርዝመት ይጨምራል፤ ይህ በነጻ የሚገኝ ጥቅም ትልቅ ጎማ ከሚሰጠው ይበልጣል። ግዴታው ቀስ ብሎ መንዳትና አስፋልት እንደተገኘ መልሶ መንፋት ነው። በመኪና ባትሪ የሚሠራ ትንሽ ኮምፕሬሰር የሌለው ሰው ባያወርደው ይሻላል፤ አየር ያነሰው ጎማ በፍጥነት ሲነዳ ይሞቅና ይፈነዳልና።

እንግዲህ ጎማ የሚገዛ ሰው ጥያቄዎቹን በቅደም ተከተል ይጠይቅ። አንደኛ፣ የጭነት ቁጥሩ ከፋብሪካው እንዳያንስ ይይ፤ 112 ማለት አንዱ ጎማ 1,120 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። ሁለተኛ፣ የተሠራበትን ቀን ያንብብ፤ ዲኦቲ ከሚለው ምልክት ቀጥሎ በመጨረሻ ያሉት አራት አኃዞች 3024 ከሆኑ ጎማው የተሠራው በፈረንጆች 2024 በ30ኛው ሳምንት፣ በእኛ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ነው። ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም አሥር ዓመት የሞላው ጎማ መጣል አለበት። ሦስተኛ፣ ጥርሱ ለሚነዳበት መንገድ የሚሆን መሆኑን ይመልከት። ልክ የመጨረሻው ጥያቄ ነው፤ መልሱም ለአብዛኛው የኢሉባቦር ባለመኪና ያው የፋብሪካው ልክ፣ ቢበዛ ከእሱ በ3 በመቶ ያደገ፣ አምስቱም አንድ ዓይነት የሆነ ኦል ቴሬይን ነው። ከዚያ በላይ የሚወጣው ገንዘብ ለኮምፕሬሰር፣ ለሰንሰለትና ለፍሬን ሸራ ቢውል መኪናውን ከጭቃው በተሻለ ያወጣዋል።