ትኩሳት ሁሉ ወባ አይደለም

በቆላ አገር ልጅ ሲያተኩሰው ወላጅ በመጀመሪያ የሚያስበው ወባን ነው። ይህም ስሕተት አይደለም፤ ወባ በአብደራፊና በአካባቢው ብዙ ነውና። ነገር ግን የወባ መድኀኒት በሥርዓቱ ተወስዶ ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፥ ልጁም ከቀን ወደ ቀን እየከሳ ሆዱ በግራ ጎኑ በኩል ካበጠ፥ ሌላ በሽታ መጠርጠር ይገባል። ይኸውም ካላዛር ነው።

የበሽታው ምክንያት በዐይን የማይታይ ጥገኛ ተሐዋሲ ነው። ከበሽተኛ ወደ ጤነኛ የምታሻግረው የአሸዋ ዝንብ ከወባ ትንኝ በጣም ታንሳለች፤ ስትበር አትሰማም፤ የምትነክሰውም በሌሊት ነው። ቀን በተሰነጣጠቀ ዋልካ መሬት ውስጥ ትሸሸጋለች። ስለዚህ ለሰሊጥና ለማሽላ ሥራ ከደጋ ወርደው ከግራር ሥር የሚያድሩ ሠራተኞች በብዛት ይያዛሉ።

ነገሩ የሠራተኞች ብቻ የሚመስለው ሰው ቢኖር የሊቦ ከምከምን ታሪክ ያስታውስ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2005 ዓ.ም. በዚያ ወረዳ መድኀኒት ያልበገረው ወባ ነው ሲባል የቆየው ትኩሳት ተመርምሮ ካላዛር ሆኖ ተገኘ። ከቆላ በተመለሱ ሠራተኞች ሳይመጣ እንዳልቀረ ይታመናል። እስከ 2007 ዓ.ም. ድረስ ከሁለት ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ታመሙ፤ ከእነርሱም መካከል ቆላን የማያውቁ ሕፃናት ነበሩ።

ተሐዋሲው በጣፊያ፥ በጉበትና በአጥንት መቅኔ ውስጥ ይራባል። ደም ያንሳል፤ ነስር ይመጣል፤ ሰውነትም መከላከያውን ያጣል። ልጁ በመጨረሻ በሳንባ ምች ወይም በተቅማጥ ሲሞት፥ ዋናው ገዳይ ሳይታወቅ ይቀራል።

ካላዛር ካልታከመ አብዛኛውን ጊዜ ይገድላል፤ በጊዜው ከታከመ ግን ይድናል። ከጣት በሚወሰድ ጥቂት ደም ይመረመራል። በአገራችን የተለመደው የመርፌ ሕክምና 17 ቀን ይፈጃል፤ ትኩሳቱ ቀድሞ ቢበርድም ማቋረጥ አይገባም። ያበጠውን ጎን በእሳት መተኮስ ግን ቁስል ከመጨመር በቀር ጥቅም የለውም።

መምህራን ሆይ፤ በትኩሳት ምክንያት ደጋግሞ የሚቀር፥ ፊቱ የገረጣ ተማሪ ሲኖር ወላጁን ጠርታችሁ «ትኩሳቱ ስንት ቀን ሆነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሁለት ሳምንት ካለፈው ሳትዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወስደው ምከሩ። ወላጆችም ልጆቻችሁን በመድኀኒት በተነከረ አጎበር ውስጥ አስተኙ። አንዲት ጥያቄ በጊዜዋ ብትጠየቅ የአንድ ልጅ ሕይወት ታድናለች።