ፊልሙ የማነው?

ፊልም ሲያልቅ ስሞች ከታች ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ደራሲ፣ ዳይሬክተር፣ ካሜራ፣ ኤዲተር፣ ፕሮዲዩሰር። እኛ ያኔ ተነስተን እንሄዳለን። ግን ከእነዚህ ሁሉ ፊልሙ የማነው?

ለመልሱ የአገራችንን የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከመምህራችን ተውሼ አነበብኩ። ቋንቋው ይከብዳል፤ እንደገባኝ ላስረዳችሁ። የሥራ አመንጪ የሚባለው ሥራውን በአእምሮው የፈጠረው ሰው ነው። ስለዚህ ካሜራ ያዋሰ ሰው በማዋሱ ብቻ አመንጪ አይሆንም። ሐሳብ ብቻ ያመጣም እንደዚያው፤ ሕጉ ባዶ ሐሳብን አይጠብቅምና።

መብቱ ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው። ማባዛት፣ መሸጥና ለሕዝብ ማሳየት የኢኮኖሚ መብት ይባላል። ፊልም ላይ ይህ፣ በውል ሌላ ነገር ካልተባለ፣ የፕሮዲዩሰሩ ነው፤ ማለትም ሥራውን ያስጀመረውና ኃላፊነቱን የወሰደው። ደራሲዋ ግን ጽሑፏን ለብቻው በመጽሐፍ ላሳትም ብትል መብቷ አለ። «ስሜ ይጠቀስ፣ ሥራዬን አታበላሹብኝ» ማለት የሞራል መብት ነው። እሱ የአመንጪዎቹ ነው፤ ብር ያወጣ ሰው በብሩ አያገኘውም።

በዚህ ጉዳይ አገሮች አይስማሙም። አሜሪካዊው ዳይሬክተር ጆን ሂውስተን በ1950 እ.ኤ.አ. «ዘ አስፋልት ጀንግል» የተባለ ጥቁርና ነጭ ፊልም ሠራ። በኋላ መብቱን የያዘው ኩባንያ ፊልሙን ቀለም ቀባው! አንድ የፈረንሳይ ቴሌቪዥን ጣቢያ ሊያሳየው ሲል የሂውስተን ልጆች ከሰሱ። በአሜሪካ ሕግ በቅጥር ለተሠራ ፊልም ደራሲ የሚባለው ራሱ ኩባንያው ነው (ድርጅት ደራሲ ሲሆን አስቡት!)። የፈረንሳይ ሰበር ችሎት ግን በ1991 እ.ኤ.አ. ለልጆቹ ፈረደ። እኔም ከፈረንሳይ ጋር ነኝ። ሂውስተን ያን ጊዜ በሕይወት ስላልነበረ ራሱ መከራከር አይችልም ነበር።

እንግሊዝ ደግሞ ፕሮዲዩሰሩንና ዋናውን ዳይሬክተር በጋራ ደራሲ ትላቸዋለች።

አሁን ወደ ክበባችን ልምጣ። ስለ ውኃ ቁጠባ በስልክ የቀረጽነውን ድራማ ሌላ ትምህርት ቤት «ኮፒ ስጡን» ብሎናል። ማን ይፍቀድ? የጻፈችው «እኔ» ትላለች፣ የቀረጸው «እኔ» ይላል፣ ተዋንያኑንማ ተዉአቸው። ውል የሚባል ነገር አልጻፍንም። ያስጀመረው ክበቡ ስለሆነ እኔ እንደሚመስለኝ ክበቡ ተሰብስቦ ይፍቀድ፤ ኮፒው ላይ ግን የሁሉም ስም ከነሥራው ይኑር። ለሚቀጥለው ድራማ ከቀረጻ በፊት የምንፈርምበትን ወረቀት ጀምሬያለሁ። ማየት የምትፈልጉ ሰኞ በእረፍት ሰዓት ክበቡ ክፍል ኑ።