ሲቲ ፖፕ እና በኢንተርኔት ዳግም መታወቁ

ሲቲ ፖፕ ከ1970ዎቹ አጋማሽ እስከ 1980ዎቹ መጨረሻ በጃፓን፣ በተለይም በቶኪዮ፣ የተስፋፋ የፖፕ ሙዚቃ ዓይነት ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ስሙ በቀጥታ ሲተረጎም «የከተማ ፖፕ» ማለት ሲሆን፣ የአሜሪካን ሶል፣ ፈንክ፣ ዲስኮና ለስላሳ ሮክ ከጃፓንኛ ግጥም ጋር ያዋሕዳል። ከምሥራቅ እስያ ውጭ ለረጅም ጊዜ እምብዛም ሳይታወቅ ቆይቶ፣ ከ2010ዎቹ ጀምሮ በኢንተርኔት በኩል በዓለም ዙሪያ ብዙ ወጣት አድማጮችን አፍርቷል። ለዚህ መነሻ የሆኑት ዘፋኞቹ ወይም የዘፈኖቹ ባለመብት የሆኑት አሳታሚ ድርጅቶች አልነበሩም። ዘፈኖቹን ያለ ፈቃድ ዩቲዩብ ላይ የጫኑ አድማጮችና የዩቲዩብ የጥቆማ ሥርዓት ናቸው።

አመጣጥ

በ1960ዎቹ መጨረሻ በጃፓን ሙዚቀኞች ዘንድ ሮክ በጃፓንኛ ሊዘፈን ይችላል ወይስ አይችልም የሚል ክርክር ነበር። ሀሩኦሚ ሆሶኖ፣ ኤይቺ ኦታኪ፣ ታካሺ ማትሱሞቶና ሺገሩ ሱዙኪ ያቋቋሙት «ሃፒ ኤንድ» የተባለው ባንድ በ1971 «ካዜማቺ ሮማን» የሚለውን አልበም ሲያወጣ ለክርክሩ የተግባር መልስ ሰጠ። ባንዱ ብዙም ሳይቆይ ቢበተንም አባላቱ የቀጣዩ ትውልድ አሳታሚ፣ ግጥም ደራሲና አጃቢ ሆነው ቀጠሉ። ኦታኪ በ1975 «ሹገር ቤብ» ለተባለ ወጣት ባንድ «ሶንግስ» የሚል አልበም አሳተመ። ከዚህ ባንድ የወጡት ታትሱሮ ያማሺታና ታኤኮ ኦኑኪ ከሲቲ ፖፕ ዋና ዋና ስሞች መካከል ይቆጠራሉ። ያማሺታ በ1976 የመጀመሪያ የግል አልበሙን «ሰርከስ ታውን»ን የቀረጸው ኒው ዮርክና ሎስ አንጀለስ ድረስ ሄዶ ነው።

ሙዚቃው ጃፓን በፍጥነት ትበለጽግ ከነበረበት ጊዜ ጋር አብሮ አደገ። ሶኒ በ1979 ዎክማንን ለገበያ አቀረበ። የመኪና ካሴት ማጫወቻም ተስፋፋ። ዘፈን ከሳሎን ወጥቶ በባቡር፣ በእግር መንገድና ወደ ባሕር ዳርቻ በሚወስድ አውራ ጎዳና ላይ የሚሰማ ነገር ሆነ። ያማሺታን በአገሩ ዝነኛ ያደረገው «ራይድ ኦን ታይም» (1980) በሰፊው የታወቀው በማክሴል የካሴት ማስታወቂያ መሆኑ ሙዚቃው ከዕቃው ጋር ምን ያህል እንደተቆራኘ ያሳያል። አሳታሚዎች ገንዘብ ስለነበራቸው ለስቱዲዮ ሰዓት፣ ለትንፋሽ መሣሪያ ተጫዋቾችና ለቫዮሊን ቡድን አይሰስቱም ነበር። ዛሬ እነዚህን ዘፈኖች የሚሰማ ሰው በመጀመሪያ የሚያስተውለው የቅንብሩን ንጽሕና ነው። ቤዝ ጊታሩ ጎልቶ ይወጣል፣ ኤሌክትሪክ ፒያኖው ከጃዝ የተወሰዱ ኮርዶችን ይጫወታል፣ ድምፃዊው ከላይ ሳይጮኽ ይዘፍናል።

የአልበም ሽፋኖቹም የራሳቸው መልክ ነበራቸው። ሠዓሊው ሂሮሺ ናጋይ ለኦታኪ «ኤ ሎንግ ቫኬሽን» (1981)፣ ኤይዚን ሱዙኪ ደግሞ ለያማሺታ «ፎር ዩ» (1982) የሠሯቸው ሥዕሎች በጠራ ሰማይ፣ በዋና ገንዳና በአሜሪካ ዓይነት ሕንፃ የተሞሉ ናቸው። ሥዕሎቹ የሚያሳዩት ቶኪዮን ሳይሆን የቶኪዮ ሰው የሚመኘውን ቦታ ነው። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ሙዚቃውን ያገኙ የውጭ አገር ወጣቶች ግን እነዚሁኑ ሥዕሎች የጃፓን መልክ አድርገው ተቀበሏቸው።

የቶኪዮ የአክሲዮን ገበያ መለኪያ የሆነው ኒኬይ በዲሴምበር 1989 ወደ 38,915 ነጥብ ከደረሰ በኋላ መውደቅ ጀመረ። የብልጽግናው ዘመን አበቃ፤ የአድማጩም ምርጫ ተለወጠ። «ሲቲ ፖፕ» የሚለው ቃል ራሱ በወቅቱ ጥብቅ ትርጉም አልነበረውም። ብዙዎቹ ዘፈኖች «ኒው ሚዩዚክ» በሚባል ሰፊ ስም ሥር ይመደቡ ነበር፤ ዛሬም የትኛው ዘፈን ሲቲ ፖፕ ነው፣ የትኛው አይደለም በሚለው ላይ ስምምነት የለም።

ወደ ኢንተርኔት

በ2010 አሜሪካዊው ሙዚቀኛ ዳንኤል ሎፓቲን «ቸክ ፐርሰን» በሚል ስም የድሮ ፖፕ ዘፈኖችን ቁርጥራጭ አዘግይቶና ደጋግሞ ያቀናበረበትን ሥራ አወጣ። ከዚህ ሙከራ «ቬይፐርዌቭ» የሚባለው የኢንተርኔት ሙዚቃ ተወለደ፤ ጥሬ ዕቃውም የ1980ዎቹ ማስታወቂያ፣ የገበያ አዳራሽ ሙዚቃና የተረሳ ፖፕ ነበር። ቀጥሎ የመጣው «ፊውቸር ፈንክ» ፈጣንና ለጭፈራ የተመቸ ሲሆን፣ የጃፓን ዘፈኖችን በብዛት እየቆረጠ ይጠቀም ነበር። ደቡብ ኮሪያዊው ናይት ቴምፖ በ2016 የማሪያ ታኬኡቺን «ፕላስቲክ ላቭ» እንደገና አቀናብሮ ዩቲዩብ ላይ አወጣ። በዚህ መንገድ ብዙ አድማጮች ከቅጂው ተነስተው ዋናውን ዘፈን መፈለግ ጀመሩ።

ዋናውን ዘፈን በሕጋዊ መንገድ ማግኘት ግን ቀላል አልነበረም። የጃፓን የሙዚቃ ኢንዱስትሪ ገቢውን በአብዛኛው ከሲዲ ሽያጭ ያገኝ ስለነበር፣ ድርጅቶቹ የድሮ አልበሞቻቸውን ለውጭ አገር አድማጭ በኢንተርኔት ለማቅረብ አልቸኮሉም። ክፍተቱን የሞሉት ሸክላና ሲዲ የነበራቸው ግለሰቦች ናቸው። ዩቲዩብ በበኩሉ ከ2012 ጀምሮ ጥቆማ ሲመርጥ አንድ ቪዲዮ ስንት ጊዜ እንደተከፈተ ብቻ ሳይሆን ተመልካቹ ምን ያህል እንደቆየበት መመዘን ጀምሮ ነበር። ሥራ እየሠሩ ወይም እያጠኑ እስከ መጨረሻው የሚሰሙት ረጅምና ለስላሳ ዘፈን ለእንዲህ ያለ ሚዛን ይመቻል። ጃፓንኛ የማይችሉና ስለ ዘፋኞቹ ሰምተው የማያውቁ ሰዎች ዘፈኑን ሳይፈልጉት ገጻቸው ላይ ያገኙት ጀመር።

«ፕላስቲክ ላቭ»

የዚህ ሁሉ ምሳሌ የሆነው ዘፈን «ፕላስቲክ ላቭ» ነው። ታኬኡቺ ግጥሙንና ዜማውን ራሷ ደርሳ በ1984 «ቫራየቲ» በሚለው አልበሟ ውስጥ አወጣችው፤ ቅንብሩን የሠራው ባሏ ታትሱሮ ያማሺታ ነው። አልበሙ በጃፓን አንደኛ ደረጃ ቢይዝም፣ ዘፈኑ በ1985 በነጠላ ሲወጣ በሽያጭ ሰንጠረዡ ከ86ኛ በላይ አልወጣም።

በጁላይ 2017 አንድ ተጠቃሚ ዘፈኑን ዩቲዩብ ላይ ጫነው። አብሮ የለጠፈው የታኬኡቺ ፈገግታ የሚታይበት ጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ ከዘፈኑ ጋር ምንም ግንኙነት አልነበረውም። በ1980 «ስዊቴስት ሚዩዚክ» ለተባለ ሌላ ነጠላ ዜማዋ በአሜሪካዊው ፎቶ አንሺ አለን ሌቨንሰን ሎስ አንጀለስ ውስጥ የተነሳ ነው። ይሁን እንጂ ፎቶውና ዘፈኑ በሚሊዮኖች አእምሮ ውስጥ አንድ ሆኑ። ቪዲዮው ከ20 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ከታየ በኋላ በቅጂ መብት አቤቱታ ከዩቲዩብ ወረደ። አቤቱታውን ያቀረበው የዘፈኑ ባለመብት ሳይሆን ፎቶ አንሺው ነበር። ሥራው ለዓመታት ስሙ ሳይጠቀስ ሲዘዋወር የቆየው ሌቨንሰን ስሙ እንዲጠቀስለት ተደርጎ ቪዲዮው በ2019 ተመለሰ።

አሳታሚው ዋርነር ሚዩዚክ ጃፓን በዚያው ዓመት ለዘፈኑ አጭር ይፋዊ ቪዲዮ ሠራለት፤ ሙሉው ቪዲዮ የወጣው በኖቬምበር 2021 ነው። ዘፈኑ ከወጣ ከ37 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

ከጃፓን ውጭ ያሉ አድማጮች ዘፈኑን ብዙ ጊዜ ከደስታና ከሌሊት የከተማ መብራት ጋር ያያይዙታል። ግጥሙ የሚናገረው ግን በፍቅር ተጎድታ ልቧን ስለዘጋች፣ ከዚያ በኋላም ፍቅርን እንደ ጨዋታ ስለምትይዝ ሴት ነው። የፈካ ቅንብርና ያዘነ ግጥም አብረው መሄዳቸው በሲቲ ፖፕ የተለመደ ሲሆን፣ ቋንቋውን የማያውቅ አድማጭ ግማሹን ብቻ ይዞ ይቀራል።

ሚኪ ማትሱባራ

ሁለተኛው ትልቅ ማዕበል የመጣው በ2020 መጨረሻ ነው። የሚኪ ማትሱባራ «ማዮናካ ኖ ዶአ» (የእኩለ ሌሊት በር) በኖቬምበር 1979 የወጣ የመጀመሪያዋ ነጠላ ዜማ ሲሆን፣ ግጥሙን ዮሺኮ ሚኡራ፣ ዜማውን ቴትሱጂ ሀያሺ ደርሰውታል። በጊዜው 28ኛ ደረጃ ድረስ ወጥቶ ነበር። ኢንዶኔዥያዊቷ ዘፋኝ ሬይኒች በኦክቶበር 2020 እንደገና ተጫወተችው። በቲክቶክ ደግሞ ጃፓናዊት እናት ያላቸው ወጣቶች ዘፈኑን ሳያስጠነቅቁ እየከፈቱ የእናቶቻቸውን ፊት መቅረጽ ጀመሩ። ዘፈኑን ሲሰሙ የሚደነግጡ፣ የሚስቁ፣ ቃሉን አስታውሰው አብረው የሚዘፍኑ እናቶች ታዩ። ከሌሎቹ የሲቲ ፖፕ ቪዲዮዎች ይልቅ እነዚህ አጫጭር ቅጂዎች ሙዚቃውን በዘመኑ ለኖሩት ሰዎች መልሰው ሰጥተዋል ማለት ይቻላል። በዲሴምበር 2020 ዘፈኑ በስፖቲፋይ በዓለም አቀፍ ደረጃ በፍጥነት የሚዛመቱ ዘፈኖች ሰንጠረዥ አንደኛ ሆነ።

ማትሱባራ ይህን አላየችም። በኦክቶበር 2004፣ በ44 ዓመቷ፣ በካንሰር ሞታ ነበር።

በሌሎች ሙዚቀኞች ሥራ ውስጥ

ታይለር ዘ ክሪኤተር በ2019 «ኢጎር» በተባለው አልበሙ ከያማሺታ «ፍራጃይል» ተጠቅሟል። በሰፊው የተሰማው ግን በ2022 ዘ ዊክንድ ያወጣው «አውት ኦፍ ታይም» ነው። ዘ ዊክንድ ማለትም አቤል ተስፋዬ ካናዳ ውስጥ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች የተወለደና በልጅነቱ ከአያቱ ጋር አማርኛ እየተናገረ ያደገ ዘፋኝ ነው። ዘፈኑ የተገነባው በቶሞኮ አራን «ሚድናይት ፕሪቴንደርስ» (1983) ላይ ሲሆን፣ አራንና የዜማው ደራሲ ቴትሱሮ ኦዳ ከደራሲዎቹ መካከል በስም ተመዝግበዋል። ይህም የገቢው ተካፋይ ያደርጋቸዋል። ከአቀናባሪዎቹ አንዱ ቬይፐርዌቭን ያስጀመረው ዳንኤል ሎፓቲን ነው። በ2010 ያለ ማንም ፈቃድ ቁርጥራጭ ሲቀጣጥል የነበረው ሰው በ2022 ባለመብቶቹ በተመዘገቡበት ሥራ ላይ ተሳተፈ።

በጃፓን ያለው አመለካከት

«ዳግም ተገኘ» የሚለው አነጋገር ከውጭ ለሚያይ ሰው ብቻ የሚሠራ ነው። ያማሺታና ታኬኡቺ በጃፓን ተረስተው አያውቁም። የያማሺታ «ክሪስማስ ኢቭ» (1983) በባቡር ድርጅት ማስታወቂያ ታጅቦ በ1989 አንደኛ ከሆነ በኋላ በየዓመቱ በገና ሰሞን ወደ ሰንጠረዡ ይመለሳል። ብዙዎቹ ሌሎች ግን በእርግጥ ከመደብር ጠፍተው ነበር። በ2017 አንድ የጃፓን ቴሌቪዥን ዝግጅት የታኤኮ ኦኑኪን «ሰንሻወር» (1977) ሸክላ ፍለጋ ከአሜሪካ ድረስ የመጣ ሰው ሲያሳይ፣ ብዙ ጃፓናውያን የገዛ አገራቸው አልበም በውጭ ያለውን ዋጋ የተረዱት ያኔ ነበር።

ድርጅቶቹም ዘግይተው ተንቀሳቀሱ። ላይት ኢን ዘ አቲክ የተባለው የአሜሪካ አሳታሚ ከባለመብቶቹ ፈቃድ አግኝቶ በ2019 «ፓሲፊክ ብሪዝ» የተባለውን ስብስብ፣ በሂሮሺ ናጋይ ሥዕል ተሸፍኖ፣ አወጣ። የያማሺታና የታኬኡቺ ዘፈኖች ግን በውስጡ የሉም። ያማሺታ አልበሞቹን በኢንተርኔት የማስደመጫ አገልግሎቶች ላይ ለማውጣት ለረጅም ጊዜ ፈቃደኛ አልሆነም። ሙዚቃ ሲሠራ ያልደከሙ ሰዎች ከሥርጭቱ ገንዘብ ያገኛሉ የሚል ቅሬታ አለው። በ2023 ከ1976 እስከ 1982 ያወጣቸው 8 አልበሞች እንደገና ሲታተሙ በሸክላና በካሴት ነበር የቀረቡት። ሊሰማቸው የፈለገ የውጭ አገር አድማጭ ወይ ዕቃውን ከጃፓን ማስመጣት፣ ወይ ያለ ፈቃድ ወደተጫኑት ቪዲዮዎች መመለስ ነበረበት።